የካቡ ሆድ

አንድ ነገር ላስቀድም፤ እኔ ጉረኛ ነኝ። ባለቤቴ ማርታ ይህን ስታነብ "ኧረ ነበርኩ በል!" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ግን ጉራ እንደ ሲጋራ ነው፤ ተውኩት የሚል ሁሉ ጥግ ይዞ አንዳንዴ ይለኩሳል። አሁን የማወጋችሁ ያ ጉራዬ በአንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ ከትቶኝ ሌላ ሰው ሆኜ የወጣሁበትን ቀን ነው። 

ስሜ ኩስያ ይባላል፤ የኮንሶ ልጅ ነኝ። አማርኛን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስጸልይ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ እያደረግሁ ሰው አስቃለሁ፣ ጌታ ግን ይገባዋል። በዚያን ጊዜ ሜልበርን ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ያራቪል ውስጥ ወደቡ አጠገብ ባለ መጋዘን ፎርክሊፍት እነዳለሁ፣ ኬንሲንግተን በሬንት እንኖራለን፣ ማርታ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ ልጃችን ሊዲያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ኑሯችን ክፉ አልነበረም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ካርቶን ከፍ ዝቅ ሳደርግ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ መሬት። ትንሽ መሬት፤ የሀበሻ ጎመን፣ ቃሪያና በሶብላ የምተክልባት። ማርታ "መሬት መሬት አትበል ኩስያ፣ መሬት ሁላችንም እንገባባታለን" ትለኝ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በበግ ነው። ለፋሲካ ከቤተ ክርስቲያናችን አራት ሆነን ከከተማ በስተምዕራብ አንድ ሰዓት ያህል ነድተን በግ ልንገዛ ሄድን። ሽማግሌያችን ጋሼ ታደለ ናቸው መንገዱን የሚያውቁት። ባለ በጉ አንድ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው ጀርመናዊ ገበሬ ሆነው አገኘናቸው፤ ኦቶ ይባላሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዩአችሁ ዋጋ የሚገምቱ የሚመስሉ ሰው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ነበር የምላቸው፣ በአፌም ጋሼ ኦቶ። እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

በጎቹን እያየን ዓይኔ ከጀርባቸው ወዳለው ቁልቁለት ሄደ። ወይኔ! ጥቁር ድንጋይ! አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ የማውቀው ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ከአፈር ውስጥ ራሱን ብቅ አድርጎ። ከቁልቁለቱ ሥር አርባ የሚሆኑ አሮጌ የአፕል ዛፎች ተሰልፈዋል። መሃል ላይ ደግሞ የፈረሰ ካብ ተዘርግቷል።

"ሦስት ጊዜ ካብኩት፣ ሦስት ጊዜ ፈረሰ" አሉ ጋሼ ኦቶ ዓይኔን ተከትለው። "ከላይ ያለው ቁልቁለት በየክረምቱ አፈሩ እየታጠበ ዛፎቼ ላይ ይወርዳል። አራተኛ ለመካብ ዕድሜ የለኝም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡም ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

"እኛ ኮንሶዎች ተራራ ሙሉ እርከን ነው ያለን" አልኩ ደረቴን ነፍቼ። "አያቶቻችን የካቡት ዛሬም ቆሟል። እኔ ራሴ ከልጅነቴ ጀምሮ ስክብ ነው ያደግሁት።"

ጋሼ ታደለም ነዳጅ ጨመሩበት። "እውነቱን ነው! እነሱ እኮ ድንጋይ ያናግራሉ!" አሉ።

ጋሼ ኦቶ እጄን ያዙና ገልብጠው መዳፌን አዩት። "የካርቶን እጅ ነው" አሉ። ቢሆንም ቁልቁለቱን አዩ፣ ዛፎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። "እሺ። ካብልኝ። አንድ ክረምት ከቆመ ከካቡ በላይ ያለውን መሬት እረሰው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ማንም አይነካህም፣ ለልጄም ጽፌ አስቀምጥልሃለሁ። ከፈረሰ ግን ተመልሰህ በግ ግዛ፣ ስለ መሬት አታንሳብኝ።"

እጅ ለእጅ ተጨባበጥን። በመኪና ስንመለስ የሀገሬን ተራራ ብቻዬን የካብሁት ይመስል ነበር የማወራው።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ በሕይወቴ አንዲት ካብ ክቤ አላውቅም ነበር። አባቴ ካቢ ነው፣ የአባቴ አባት ካቢ ነበር። በልጅነቴ ለእኛ ለልጆቹ የሚሰጠን ሥራ ጠጠር መልቀም ነው፤ ትልልቁን ድንጋይ እሱ ያስቀምጣል፣ እኛ ጠጠር በቅርጫት እናመጣለን። ያንን ሥራ እንዴት እንደምጠላው! ጀርባ ያጎብጣል፣ ጥፍር ይሰብራል፣ ሲያልቅ ደግሞ ማንም አያየውም፤ ሰው የሚያደንቀው ፊቱን ነው። ስለዚህ ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ከማሽላው ውስጥ እደበቅ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ አጎቴ አርባ ምንጭ ወስዶ አስተማረኝ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ እዚህ። ካብን የማውቀው ፊት ለፊት ቆሜ ነው እንጂ ጀርባውን ሠርቼው አላውቅም።

ያም ሆኖ አሥር ቅዳሜ ተመላለስኩ፤ ሺፍት ሲገጥመኝ ከሰው እየተቀያየርኩ። ጋሼ ኦቶ ሲባጎ ወጥረው፣ ውሃ ልክ ይዘው ከላዬ ላይ ይቆማሉ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ እንደ ሳህን ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው። እኔ የሀገሬ እርከን እንደ ተራራው ወገብ እየታጠፈ እንደሚሄድ ትዝ ይለኛልና "ጋሼ ኦቶ፣ የእኛ ጎንበስ ቀና ይላል፣ መሬቱን ነው የሚከተለው" አልኳቸው።

"ቀጥ ያለ ነገር ነው የሚቆመው" አሉ።

ለምን እንደሚታጠፍ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ጎድጓዳውን ሰንጥቀን በሲባጎው ልክ ቀጥ አድርገን ካብነው። ከኋላው ደግሞ የተቆፈረውን አፈር በአካፋ መልሼ ሞላሁበት፣ ቶሎ እንዲያልቅ። ሲያልቅ ግን ምን አለፋችሁ፣ ሙሽራ ነበር የሚመስለው! ድንጋይ ከድንጋይ ተጣብቆ ምላጭ አያስገባም። ፎቶ አንስቼ ለቤተ ክርስቲያኑ ግሩፕ ላክሁ፣ "ጌታ ይባረክ" እና "ኮንሶ ሜልበርን ገባ" የሚል መልስ ጎረፈልኝ። ለአባቴ ግን አልላክሁለትም። ለምን እንደሆነ ልቤ ያውቅ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ መጣ።

ያቺ ቅዳሜ የደረሰችው ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ከዘነበ በኋላ ነው። ማርታ ሥራ ስለነበረች ሊዲያን ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ሳትነቅል "ዳድ፣ ኢትስ ሬይኒንግ። ዋይ አር ዊ ጎይንግ?" ስትለኝ ነበር። እኔም "ካቡን ልናይ፣ ኮራ በይ!" አልኳት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስንደርስ ጋሼ ኦቶ ቦት ጫማቸውን አድርገው መጋዘናቸው በር ላይ ቆመዋል። ዓይናቸው ቁልቁለቱ ላይ ነው። ካቡ ቆሟል! ዘልዬ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

"ገና ነው" አሉ። "ዝናቡ እስከ ማታ ነው።"

መጋዘኑ ውስጥ ባልዲ ገልብጠን ተቀመጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ለመደማመጥ መጮህ ነበረበት። ጋሼ ኦቶ ብዙ የማያወሩ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ጭንቀቱ አፋቸውን ከፈተው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ከጦርነቱ በኋላ በመርከብ ሲመጡ አንድ ሻንጣና የአባታቸውን የቅርንጫፍ መቁረጫ ቢላ ብቻ ነበር የያዙት። ይህን ቁልቁለት የገዙት ማንም ስላልፈለገው ነው። ከሚስታቸው ከጌርዳ ጋር ሁለት ዓመት የኖሩት እኛ በተቀመጥንበት በዚያው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ በክረምት ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይበርዳል፣ በበጋ ሊጥ ምድጃ ሳይገባ ይጋገራል። ቀን ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ሲመሽ እጃቸውን በበግ ስብ ይቀባባሉ።

"የመጀመሪያው ክረምት አሥራ ሁለት ችግኝ ወሰደብኝ" አሉ። "ሻንጣዬን አውጥቼ ልብሴን መክተት ጀመርኩ። ጌርዳ ግን ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታ ችግኞቹን እየፈለገች መልሳ ትተክል ነበር። አራቱ ጸደቁ። ያቺ ከካቡ ሥር ያለችው አንዷ ናት።"

ሊዲያ ከጆሮዋ ላይ የሰካችውን መቼ እንደነቀለች አላየሁም፤ ግን ነቅላለች። "ኤንድ ዘን?" አለቻቸው።

መልሱን አልሰማንም። ከቁልቁለቱ "ቋ!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ጥርስ ሲሰበር እንደሚሰማ ያለ። ሦስታችንም ተነሳን።

ካቡ አብጧል። ሙሽራዬ መሃል ላይ፣ ልክ ጎድጓዳው ጋ፣ ሆዷ ተነፍቶ ወደ ዛፎቹ ገፍታለች። አንዲት ትንሽ ድንጋይ ተፈናጥራ ሣሩ ላይ ወድቃለች። ሮጬ ከላይ በኩል ሳይ ከካቡ ጀርባ ኩሬ ተኝቷል። ውሃው መውጫ የለውም። ምላጭ አያስገባም ብዬ የፎከርኩበት ካብ ውሃም አያሳልፍም ለካ!

"እንደግፈው!" ብለው ጮኹ ጋሼ ኦቶ። የአጥር ቋሚ እንጨቶች እየጎተትን አምጥተን ካቡን ከፊት ደገፍነው። ሰማንያ ስምንት ዓመት ይዘው እንጨት ሲጎትቱ ብታዩአቸው! እኔ በልቤ የምጸልየው ስለ ዛፎቹ አልነበረም፣ እውነቱን ልናገር፤ "ጌታ ሆይ እስከ ማታ ብቻ አቁምልኝ" ነበር የምለው። እስከ ማታ ከቆመና ዝናቡ ካባራ ክረምቱንም ይዘልቃል፣ መሬቱ የእኔ ነው፣ ማንም ምንም አያውቅም። ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ግን አንደኛው ድጋፍ "ቀጭ" ብሎ ተሰበረ።

ስልኬን አወጣሁ። ኮንሶ ገና ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። እህቴ አነሳችና ለአባቴ ሰጠችው። ሊዲያ ጃንጥላ ይዛልኝ ስልኩን ወደ ካቡ አዞረችው።

አባቴ ዓይኑን አጥብቦ አየ። "ምንድን ነው ይሄ? ቤት ነው?" አለ በእኛ ቋንቋ።

"ካብ ነው አባባ።"

"ማነው የካበው?"

 "እኔ ነኝ" አልኩ።

"አንተ?" ወደ ስልኩ ጠጋ አለ። ከዚያ "ፊቱን ተወው፣ ሆዱን አሳየኝ" አለ።

ስነግራት ሊዲያ እየተንሸራተተች ወደ ላይ ወጣችና ስልኩን ወደ ካቡ ጀርባ አሳየችው። ጭቃና ኩሬ።

"ጠጠሩ የታለ?" አለ አባቴ።

"የለም።"

"ምን ሞላህበት ታዲያ?"

"አፈር።"

ቢሰድበኝ በወደድኩ። አልሰደበኝም። እየተጣደፈ እንዲህ አለ፦ "ስማ። ጠጠር የሚደረገው ውሃው በእሱ በኩል ተንጠባጥቦ እንዲወጣ ነው። ያንተ ካብ ውሃ ጠጥቷል፣ መሽኛ የለውም። ክፈተው። ውሃው ከተኛበት፣ ከመሃሉ። ከላይ ጀምረህ አንድ በአንድ አንሳ፣ ከፊቱ እንዳትቆም፣ ከጎኑ ቁም። አሁኑኑ! አንተ ካልከፈትከው ራሱ ይከፍተዋል፣ እሱ ሲከፍት ግን በር አይመርጥም።"

ለጋሼ ኦቶ ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። "ታፈርሰዋለህ? በገዛ እጅህ? ውላችንን ታውቃለህ አይደል?"

አውቃለሁ እንጂ!  አሥር ቅዳሜ፣ ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ የጋሼ ታደለ ወሬ፣ ሁሉም ዓይኔ ላይ መጣ። ቁልቁል ሳይ ደግሞ የጌርዳ ዛፍ፣ ባዶ ቅርንጫፏን ዘርግታ ቆማለች፤ ካቡ ቢናድ ድንጋዩ የሚንከባለለው ቀጥታ ወደ እሷና ወደ ጎረቤቶቿ ነው። 

"ጋሼ ኦቶ፣ ዋሽቼዎታለሁ!" ብዬ ጮህኩ። "በሕይወቴ ካብ ክቤ አላውቅም! አባቴ ነው ካቢው፣ እኔ ከሥራው የምደበቅ ልጅ ነበርኩ። መሬቱ ይቅርብኝ። ዛፎቹን እናትርፍ!"

አዩኝ። ውሃ ከባርኔጣቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ ዘወር ብለው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። አለቀልኝ፣ ትተውኝ ሄዱ አልኩ። ሲመለሱ ግን ድጅኖ ትከሻቸው ላይ ነበር።

"ጣትህን ጠብቅ" አሉኝ።

እሳቸው በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን ከላይ ጀመርን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ፤ በጥድፊያ የካብሁትን በጥድፊያ ስፈታ ያን ቀን ገባኝ። ጋሼ ኦቶ በድጅኖው ይፈነቅላሉ፣ እኔ እየሳብኩ ወደ ጎን እጥላለሁ። ሦስተኛውን ረድፍ ስናነሳ ሁለት ትንንሽ እጆች ከጎኔ መጥተው ድንጋይ አቀፉ። ሊዲያ! ስልኩን ኪሷ ከትታ፣ ነጭ ጫማዋ ጭቃ ውጦት።

"ሂጂ ከዚህ፣ አደገኛ ነው!" አልኳት።

"ዘን ሃሪ አፕ፣ ዳድ!" አለችኝ።

አራተኛው ረድፍ ላይ ውሃው መንገድ አገኘ። መጀመሪያ እንደ ክንድ ቀጥኖ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ቡናማ ሆኖ እያገሳ ወጣ። ጋሼ ኦቶ "ወደ ጋሪው መንገድ! ወደ ጋሪው መንገድ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ በዛፎቹ መሃል የሚያልፍ አሮጌ የጋሪ መንገድ ነበርና ያነሳነውን ድንጋይ በግራና በቀኝ እየወረወርን ውሃውን ወደዚያ ነዳነው። አንዷን ትልቅ ድንጋይ ልይዝ ጎንበስ ስል ውሃው እግሬን መታኝ፣ ወደቅሁ። ፊቴ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ሰማይና ምድሩ ተምታታብኝ፤ ወዲያው ኮሌታዬ ጥብቅ አለ። ጋሼ ኦቶ በአንድ እጃቸው ድጅኖውን ተመርኩዘው በሌላው ይዘውኛል። ያ ቀጭን ክንድ እንዴት እንደቻለኝ እስካሁን አላውቅም።

እግሩ ድረስ ከፈትነው። ካቡ ከግራም ከቀኝም ረጅም ትንፋሽ እንደለቀቀ ሰው ድምፅ አሰማና ባለበት ረጋ። ኩሬው ጎደለ። ከአርባው ዛፍ ሁለቱ ወድቀዋል፣ ሌሎቹ በሙሉ ቆመዋል። የጌርዳ ዛፍ እግሯ ውሃ ውስጥ ነው፣ ግን ቆማለች። "ሃሌሉያ!" ብዬ ስጮህ ሊዲያም ጮኸች፣ በጎቹም ጮኹ። ሦስታችንም ጭቃው ላይ ተቀመጥን።

ከሊዲያ ኪስ ድምፅ መጣ። ለካ ስልኩ አልተዘጋም! አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ ጨለማ ኪስ ውስጥ ሆኖ የእኛን ጩኸት ሲሰማ ኖሯል።

"ማነው?" አሉ ጋሼ ኦቶ።

"አባቴ ነው።"

"ገበሬ ነው?"

"ገበሬ ነው።"

"ስጠኝ እስቲ።" ስልኩን በጭቃ እጃቸው ያዙት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ብዙ ተያዩ። ጋሼ ኦቶ መዳፋቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። አባቴም የእሱን አሳያቸው። የሁለቱም እጅ ያው ነው፣ ጣቱ የተቆለመመ፣ ጥፍሩ የተሰነጠቀ።

"እንዲህ ብለህ ጠይቅልኝ" አሉኝ ጋሼ ኦቶ። "ልጅህ ዋሽቶኛል። ግን ካቡን አፍርሶ ዛፌን አተረፈልኝ። መሬት ልስጠው ወይስ አልስጠው?"

ተረጎምኩ። አባቴ አገጩን እያሻሸ አሰበ። ከዚያ መለሰ፣ ረዘም አድርጎ። ስሰማው ጆሮዬ ጋለ።

አስቡት እንግዲህ! በዚያች ቁልቁለት ላይ ያን ቋንቋ የሚሰማ ከእኔ ሌላ የለም። ጋሼ ኦቶ አይሰሙም፣ ሊዲያ አትሰማም። "ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስጠው ይላል" ብል ማን ያውቅብኛል? ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሊዲያ ግን ጭቃ ከተለጠፈበት ፊቷ ውስጥ ዓይኗን አፍጥጣ አፌን ታያለች።

ዋጥ አደረግሁትና እያንዳንዱን ቃል ተረጎምኩ። "እንዲህ ይላል፦ ይህ ልጅ ጠጠር ልቀም ሲባል ደብተሩን ይዞ ማሽላ ውስጥ የሚደበቅ ልጅ ነበር። አሁን ድንጋይ አታሸክመው፣ ድንጋይ ያኮራዋል። ይህን ክረምት በሙሉ ጠጠር ይልቀም። ከለቀመ መሬት ስጠው። ካልለቀመ በግ እንኳ አትሽጥለት።"

ጋሼ ኦቶ ድጅኖውን ጭቃው ውስጥ ሰኩ። ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። እኚያ ሰው ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እስኪያስላቸው ሳቁ፣ ድጅኖውን ተደግፈው ሳቁ። አባቴም ሲስቁ አይቶ ሳቀ። ሊዲያ "ግራንድፓ ሴድ ዛት? አባውት ዩ?" ብላ ጭቃው ላይ ተንከባለለች። እኔም ምን አደርጋለሁ፣ አብሬ ሳቅሁ፣ ሳላውቀው ደግሞ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመለስ ቁልቁለቱ ላይ ሲባጎ አልነበረም። "የት ሄደ?" ብላቸው "በግ አሰርኩበት" አሉኝና ባዶ ባልዲ ሰጡኝ። ያን ክረምት ጠጠር ለቀምኩ። ሊዲያ አብራኝ ለቀመች። ጋሼ ታደለ አንድ ቀን ሊያዩኝ መጥተው "ድንጋይ ያናግራል ያልነው ሰውዬ ከጠጠር ጋር ነው እንዴ የሚያወራው?" ብለው ቀለዱብኝ፤ ከዚያ እሳቸውም ጎንበስ አሉ። ካቡን መሬቱን ተከትለን እያጠፍን፣ ሆዱን በጠጠር እየሞላን እንደገና ካብነው።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። መሬቱ ተሰጠኝ። ያራቪል ባለው መጋዘን አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የምሠራው፣ በቀረው ጎመኔን እየለቀምኩ ፉትስክሬይ ላሉት ሀበሻ ሱቆች አደርሳለሁ። ጋሼ ኦቶ ዘጠና ዓመታቸው ነው፣ ወንበራቸውን አውጥተው ስሠራ እየተቆጣጠሩኝ ይውላሉ። በወደቁት ሁለት ዛፎች ቦታ ሊዲያ ሁለት ችግኝ ተክላለች፤ ጋሼ ኦቶ ያንን የአባታቸውን ቢላ አውጥተው እንዴት እንደሚቆረጥ ያስተማሯት ቀን ማርታም ነበረች፣ "መሬት ሁላችንም እንገባባታለን" ማለቷን ያን ቀን ተወች።

እናንተ የምታነቡ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በተለይ በሰው ሀገር የምትኖሩ፤ ሁላችንም ለሀገር ቤት የምንልከው ፎቶ አለን። መኪናው ፊት ቆመን፣ ሱፍ ለብሰን። እኔ አልፈርድባችሁም፣ የጉራ ንጉሥ እኔው ነበርኩ። ግን አንድ ነገር ሲያብጥባችሁ፣ ትዳርም ይሁን ሥራ ወይም ልጅ፣ እስከ ማታ ይቁምልኝ ብላችሁ አትደግፉት። ደውሉ። ለሚያውቅ ሰው ጀርባውን አሳዩት። ማፈር አለ፣ አውቃለሁ፣ እኔ ጆሮዬ ድረስ ነው የጋልኩት። ግን ከዚያ ሀፍረት በኋላ የተኛሁትን እንቅልፍ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ተኝቼው አላውቅም።

አባቴ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይደውላል። ሰላምታም ሳይጨርስ "ካቡን" ይላል። እኔ ከታች ቆሜ ላሳየው ስል "ፊቱን ተወው፣ ሆዱን አሳየኝ" ይላል። ወደ ላይ ወጥቼ አሳየዋለሁ፣ ያያል፣ "ይቀረዋል" ይላል፣ ይዘጋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚሁ። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊቱን በጣም ዘንቦ ነበር። ወጣሁና ጀርባውን አሳየሁት፤ ጠጠሩ ታጥቦ ያበራል፣ ውሃው በየስንጥቁ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። አባቴ አተኩሮ አየ። ይቀረዋል ይለኛል ብዬ ስጠብቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሺ" አለ። "አሁን ፊቱን አሳየኝ።"